የሰማይ ታንኳ መጨረሻ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለሀዲስ፤ ጅቡቲ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ወገብህ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ሙቀቱስ ዘንድሮ ትንሽ አዘነላችሁ? ባለቤትህ ወንጌላዊትስ ደህና ናት? ልጃችሁ ዜማስ ጥርሷን መለወጥ ጀመረች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ ጣናም ደፍርሶ ሞልቷል። በስልክ ሁለታችንም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን ስለምንዘጋው፣ ይኸው ዛሬ በወረቀት መጣሁብህ። ይዞልህ የሚመጣው ፍቅረ ማርያም፣ የሠፈራችን የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከሥራ ስመለስ የሚጠብቀኝ የለም። በሩን ከፍቼ እንደ ልማዴ «ደረስሁ» እላለሁ፤ መልስ የለም። ሆዴ መባባቱን አይታ ነው መሰል፣ ኮሌጁ መዝገብ ቤት አብራኝ የምትሠራው መሲ፣ ልጅ ሳለሁ ምን እወድ እንደነበር ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስብ ያን እሑድ እሑድ ከሰዓት በቴሌቪዥን እናየው የነበረውን፣ ሰባት ሰዎች በጠፈር መርከብ የሚንከራተቱበትን ተከታታይ ፊልም ነገርኋት። ከኢንተርኔት ፈልጋ በፍላሽ ቀድታ አመጣችልኝ።

ትዝ ይልሃል? በጎረቤታችን በጋሽ ዓምደ ሚካኤል ሳሎን፣ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን። አንተ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመህ እንግሊዝኛውን ትተረጉምልናለህ። መርከቢቱን «የሰማይ ታንኳ» ያልሃት አንተ ነህ። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል እንኳ «ዝም በሉ፣ ሀዲስ ይናገርበት» ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ምሳዬን እንደበላሁ ከፈትሁት። መርከቢቱ ቆርቆሮ፣ ድንጋዩም ካርቶን መሆኑ ያስታውቃል። ደግሞ ንግግራቸውን ሳዳምጥ፣ ወንድም ጋሼ፣ አንዲት ቃል እንኳ አንተ እንዳልኸው አይደለም! አለቃቸው ነዳጅ አለቀ ብሎ ሲጨነቅ፣ አንተ «ለእናቱ ጤፍ ሳይልክ መቅረቱ ቆጭቶት ነው» ብለኸናል። ሁለቱ ሲጣሉ «የድንበር ጠብ ነው» ብለኸናል። እንግሊዝኛ ወድቀህ አባታችን የተቆጣህ በዚያው ዓመት መሆኑ አሁን ትዝ አለኝ። አንተ ቀጣፊ! ብቻዬን ሳቅሁ። ብቻን መሳቅ ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ግን ሳቄ ጨርሶ ጠፋ። ያች ፀጉሯ አጭር፣ ሌሎቹ እንዲድኑ ብላ በዚያ ባዶ ምድር ለመርከቢቱ ምልክት የሆነውን መብራት እንዳይጠፋ ስትጠብቅ ብቻዋን የቀረችው ሴትዮ ትዝ ትልሃለች? ወንድሟ ከመርከቢቱ ሆኖ በሬዲዮ ያናግራታል። አንተ «መጣሁልሽ፣ መብራቱን አታጥፊ ነው የሚላት» አልኸን። መርከቢቱ እየራቀች ስታንስ «ሊወስዷት እየዞሩ ነው» አልኸን፤ እኛም አጨበጨብን። ለካ የሚላት «መመለስ አንችልም፣ ይቅር በይኝ» ነው። መርከቢቱም ትታት እየሄደች ነው። ሴትዮዋ አታለቅስም። ኩባያዋን አጥባ፣ ደፍታ፣ ትቀመጣለች። ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

አልተቀየምሁህም። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እውነቱን ብትነግረኝ እንቅልፍም አይወስደኝ ነበር። አሁን ግን ሃምሳ ልደፍን ነው። ለጥምቀት እመጣለሁ ካልኸኝ ዘጠኝ ጥምቀት አለፈ። ለእናታችን ቀብር አልደረስህም፤ ለሙት ዓመቷ አልህ፣ እሱም አለፈ። እኔ በየሳምንቱ ክፍልህን ጠርጌ አልጋህን አነጥፋለሁ። መሲ የተከራየችውን ቤት ልቀቂ ተብላ፣ ከመስከረም ጀምሮ አብሬሽ ልኑር ብላኛለች፤ ያንተን ነገር እያሰብሁ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ነገ ሳትል፣ ሳታሳምር፣ ያለውን ንገረኝ። የምትመጣ ከሆነ ክፍልህ እንዳለ ነው። የማትመጣ ከሆነም አልመጣም በለኝ፤ ክፍሉን ለመሲ እሰጣታለሁ፤ «ደረስሁ» ስል የሚመልስልኝ ሰው ይኖራል። እኔ የከበደኝ አለመምጣትህ ብቻ አይደለም፤ መጠበቁ ነው።

ወንጌላዊትን እህትሽን ናፍቀሻታል በልልኝ፤ የላከችልኝ ሽቶ ቢያልቅም ጠርሙሱን አልጣልሁትም። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ጆሯቸው ከበደ እንጂ ደህና ናቸው፤ ሰላም በይልኝ ብለዋል። ስለ ፊልሙ አልነገርኋቸውም፤ ሴትዮዋን ወስደዋታል ብለው እንዳመኑ ይኑሩ። ዜማን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። የሰማይ ታንኳን ታሪክ ንገራት፤ መጨረሻውንም ያኔ እንደነገርኸን አድርገህ ንገራት። የእውነቱን መጨረሻ ለእኔ ጻፍልኝ።

እህትህ ውዴ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.