ለኑሩ ያልነገርኩት

ማክሰኞ፣ የካቲት 8 ቀን 1980 ዓ.ም.
ጉለሌ

ዛሬ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከልጄ ከሰሚራ መቅኒ ተወስዶ ውጭ አገር የተላከው ናሙና የምርመራ ውጤቱ መጣ። ባለቤቴ ኑሩ ሱቁን የሚጠብቅለት ስላጣ ሆስፒታል ብቻዬን ሄድኩ።

ኑሩ ልጃችን የደም ካንሰር እንደያዛት ከሰማን ጀምሮ ራሱን ሲወቅስ ነው የከረመው። እህቱ በልጅነቷ ደም እየፈሰሳት ነው የሞተችው። "ከእኔ ዘር ነው የመጣባት" ይላል። እኔ ደግሞ የአራት ወር እርጉዝ ነኝ። ሆዴን ማየት እንኳ ይፈራል።

"ከአባቷ ወርሳው ነው?" ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋቸው።

"አይደለም" አሉኝ። "በሴሎቻችን ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ ክር መሳይ ነገሮች አሉ። የእሷ ሁለቱ ተቆርጠው ቁራጫቸውን ተለዋውጠዋል። ይህ የደረሰው ከተወለደች በኋላ፣ መቅኒዋ ውስጥ ነው። ከማንኛችሁም አልመጣም።"

እፎይ ልል ስል ቀጠሉ። "ግን ይህ ለውጥ ያለበት በሽታ ለመድኃኒት አስቸጋሪ ነው። ቢሻላትም ሊመለስባት ይችላል።"

ዊንጌት ካለው ሆስፒታል እስከ ኑሩ ሱቅ በእግሬ ሄድኩ። ኑሩ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካ ነበር።

"ካንተ አይደለም" አልኩት።

መቀሱን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጁን ከፊቱ አንስቶ፣ "ሌላስ ምን አሉ?" አለኝ።

"መድኃኒቷን ትቀጥል አሉ።"

ሱቁን በጊዜ ዘግቶ መጥቶ አሁን በረንዳው ላይ ከሰሚራ ጋር ይጫወታል። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቀሪውን ልነግረው ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ።