ስህተትን ዝም ላሰኙት ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል የቀድሞ ኃላፊ፣ የዛሬው የዳይሬክተሩ ልዩ አማካሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። አዲሱ ቢሮዎ ሰፊ፣ ወንበሩም የሚሽከረከር መሆኑን ስለሰማሁ ስለ ወገብዎ መጨነቄን ትቻለሁ። እኔ በክፍሉ ከቀሩት ሁለት የፕሮግራም ባለሙያዎች አንዷ ነኝ። ሦስተኛው የት እንደደረሰ እርስዎ ያውቃሉ፤ አንባቢ ግን ስለማያውቅ ከሥሩ ልጀምር።

አንደኛ፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣዎቹን የማንቂያ ደወል ሥራ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። የእያንዳንዱ ማቀዝቀዣ ደወል በስንት ዲግሪ እንደሚጮኽ በአንድ የቅንብር ፋይል ላይ ይጻፋል፤ በየመስመሩ የማቀዝቀዣው ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ቁጥሩ። የእኛ ድርሻ ያን ፋይል መስመር በመስመር አንብቦ ለደወሉ የሚያስረዳ ትንሽ ፕሮግራም መሥራት ነበር። የተዘጋ በር እንኳ እጀታውን ስቦ ካላረጋገጠ ስለማያምን «መርማሪው» የምንለው ባልደረባዬ፣ ሆን ብሎ የተበላሹ ፋይሎች እየጻፈ ፕሮግራሙን ይፈትን ነበር፤ ቁጥር የሌለው መስመር፣ ሁለቴ የተጻፈ ስም፣ በቁጥር ፈንታ ፊደል። ፕሮግራሙም ሁሉንም እየያዘ፣ የቱ መስመር በምን እንደተሳሳተ እየተናገረ ይቆም ነበር።

ሁለተኛ፣ እንግዶች በመጡ ዕለት ፋይሉን በገዛ እጅዎ ሊያሳዩ ፈልገው፣ በእኩል ምልክት ፈንታ ሁለት ነጥብ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። በትልቁ ስክሪን ላይ «መስመር አራት፦ የእኩል ምልክት የለም» የሚል ወጣ፤ እንግዶቹም ሳቁ። እነሱ እንደወጡ «ይሄ ፕሮግራም ማንን ነው የሚያርመው? ያልገባውን መስመር ዝም ብሎ ይለፈው!» ብለው ጮኹ። መርማሪው በለሆሳስ «ጌታዬ፣ እሱ ዝም ካለ እኮ ደወሉም ዝም ይላል» ሲልዎ፣ «አንተ ፍልስፍናህን ተወኝ» አሉት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና፣ በዚያው ቁጭ ብለው የስህተት መልእክቶቹን ከነሙከራዎቹ ሰረዙ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ማቀዝቀዣ ሲገባ መስመሩን ራስዎ ጻፉ፤ አሁንም በሁለት ነጥብ። ፕሮግራሙ እንደታዘዘው ዝም ብሎ አለፈው። ማቀዝቀዣው እሑድ ተበላሸ፤ ደወል የሚባል አልተሰማም። ሰኞ ጠዋት ፋርማሲስቷ በሩን ስትከፍት ሞቅ ያለ አየር ፊቷን መታት። ኢንሱሊኑ በሙሉ ተበላሽቶ ነበር። በኮሪደሩ የተሰለፉት ሕሙማን ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ እሷ መስኮቱ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

እርስዎስ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በስብሰባው ላይ «የሞከረው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁ» አሉ። መርማሪው ሚስቱ የመውለጃ ወሯ በገባ ሰሞን ተባረረ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

አራተኛ፣ ይህኛው ምስጋናዬ ከአንጀቴ ነው። የኢንሱሊኑን መበላሸት የሚያጣራው ኮሚቴ ሲጠራዎ «እንዲህ ዓይነት ፋይል ዓይኔን ጨፍኜ እጽፋለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም» በማለትዎ አመሰግናለሁ። ለምስክርነት የተጠራሁት እኔም ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ በሙሉ አክብሮት፣ እንግዲያው ለኮሚቴው ቢያሳዩልን ብዬ ለመንኩዎ። የሰረዟቸውን መልእክቶችና ሙከራዎች ቀደም ብዬ መልሼ እንደጻፍኳቸው መንገሩን ግን ረሳሁት። እጅጌዎን ሰብስበው ጻፉ። በሁለት ነጥብ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች፣ መስመር እየጠራ፣ ስህተትዎን ዘረዘረ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢዋ ብቻ «ይህን መልእክት ያጠፋው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ፤ እርስዎም ውሃ ጠየቁ። አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኮሚቴው መርማሪው እንዲመለስ፣ እርስዎም ወደ ላይኛው ፎቅ በአማካሪነት እንዲዛወሩ ወሰነ። ቅጣት ወደ ላይ ሲያወጣ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው። መርማሪው ግን «ያዋረደኝ ሰው ከራሴ በላይ ተቀምጦ አልመለስም» አለ፤ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው፤ ሴት ልጅም ወልዷል። ስለዚህ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ሚስቱ ባለችበት፣ ይቅርታ እንዲጠይቁት በትሕትና አሳስባለሁ። እስከዚያው ይህን ደብዳቤ በየሰኞው አዲስ ቅጂ እያተምኩ በዋናው መግቢያ እለጥፋለሁ፤ ወረቀቱም ቀለሙም የራሴ ነው።

የከበረውን ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለእንቅልፍዎ ግን ምንም ሳልመኝ፣
እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፣
አክባሪዎ የፕሮግራም ባለሙያ።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው እንዲነሣ የበር ጥበቃውን ለማዘዝ እንዳይደክሙ። የጥበቃው እናት በዚያች ሰኞ ኢንሱሊን አጥተው ከተመለሱት አንዷ ናቸው፤ ማጣበቂያውን የገዙልኝም ጥበቃው ራሳቸው ናቸው።