አሳምረን ያስቀረነው እድሳት

ጥቅምት 3

በምግብ አዳራሹ የሚወራውን እዚህ ላርመው። እዚያ ማረም አልቻልኩም፤ እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል።

«ሲስተር እድሳቱን አልፈልግም አለች፤ በአሮጌው ቤት ልሙት አለች» ተብሏል። አላልኩም። ያልኩት ይህን ነው፦ ግድግዳ ሳይደርቅ ቀለም የሚቀባ ሰው ባለሙያ አይባልም። ከዚህ ተነስቶ ሞት ላይ እንዴት እንደተደረሰ የሚያውቀው ሃምሳ አለቃ ብቻ ነው። ያ ሰው በጦርነቱ ጊዜ መልእክተኛ አለመሆኑ ስንቱን አትርፏል!

እድሳቱንማ እንዴት እጠላለሁ? መንግሥት ለአረጋውያን ወታደሮች መኖሪያ መሥሪያና ማደሻ በጀት መድቧል። በሬዲዮ ሰማን፤ ኋላም በደብዳቤ መጣ። ለሁሉም ቤት ግን አይበቃም። መሐንዲስ እየዞረ ያያል፤ የባሰበት ይቀድማል። የእኛው ቤት ከተሠራ አርባ ዓመት አልፎታል። መኝታው ሁሉ ፎቅ ላይ፣ ምግብ ቤቱና ክሊኒኩ ምድር ላይ፣ መካከሉ ሃያ ሁለት ደረጃ። አሳንሰር የለም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ተሽከርካሪ ወንበር አያስገባም።

ይምጡና ይዩ እንግዲህ።

ጥቅምት 6

ሥራ አስኪያጁ በምሳ ሰዓት ተነሳና፣ «የፊታችን ሐሙስ ፍተሻ አለ» አለ።

አዳራሹ እንዴት እንደሆነ! ማንኪያ ሁሉ ባለበት ቆመ። ሰማንያ ዓመት የደፈኑ ሰዎች ወገባቸውን አቀኑ። የእኔም ጀርባ ከወንበሩ መደገፊያ ተላቀቀ... ሳላዝዘው።

ሃያ ሰባት ዓመት በጦር ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ፤ አሥራ አንዱን በዋና ነርስነት። አለቃ ሲጎበኝ በእኔ ክፍል የተጨማደደ አንሶላ ተገኝቶ አያውቅም። የተማርኩበትም ቤት እንዲሁ ነበር። መምህራችን ጠዋት ጠዋት ጥፍራችንን በማስመሪያ እየነካች ታይ ነበር፤ ያደፈ ካገኘች ማስመሪያው በጠርዙ ተገልብጦ ጣታችን ላይ ያርፋል።

ዝግጅቱን ማን ይምራው? ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጠይቀውኝ ነው? አይ፣ ሳይጠይቁኝ ተነሳሁ።

ጥቅምት 8

አለቀ። አማረ።

በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የወጣውን ሻጋታ ኖራ አስቀባሁት። ጣሪያው የሚያፈስበት የኮሪደር ጥግ ላይ ቁም ሳጥን አስጠጋሁ። ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ባልዲውን አንስቼ ቧንቧውን በጨርቅ ጠመጠምኩት። ምርኩዙና ተሽከርካሪ ወንበሩ መተላለፊያው ላይ ተዝረክርኮ እንዳይታይ ዕቃ ቤት ገባ።

ሥራ አስኪያጁ፣ «ሲስተር፣ እንዲያው ይበቃል እኮ» አለኝ።

«ለአንተ ነው የሚበቃው» አልኩት።

ያስቸገረኝ ጡሩምባ ብቻ ነው። የባሌ ታናሽ ወንድም። ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ቤተሰብ የቀረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። በጦሩ ውስጥ ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም። እግሮቹ ከከዱት አራተኛ ዓመቱ። ጠዋት ሁለት ሠራተኞች በወንበር ተሸክመው ያወርዱታል፤ ከራት በኋላ ይመልሱታል።

«ወንበሬን የት ልትወስጂው ነው እትዬ?»

«ዕቃ ቤት። ለአንድ ቀን።»

«እኔስ?»

«ሶፋው ላይ ትቀመጣለህ። እግርህ ላይ ብርድ ልብስ አደርግልሃለሁ።»

«እንደ እንግዳ ነው የምታዘጋጂኝ እንደ ሬሳ?»

«አፍህን ከዘጋህ እንደ እንግዳ።»

ጥቅምት 9

መጣች። ለካ መሐንዲሱ ሴት ናት፤ የልጅ ልጅ የምትሆነኝ። ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል፤ ወረቀቷ ግን ንጹሕ ነው። ደስ አለችኝ።

አንድ በአንድ ጠየቀች። «አባባ፣ ደረጃ ይወጣሉ?»

ሃምሳ አለቃ፣ «እንዴታ! ሁለት ሁለቱን እየረገጥኩ!» ብሎ ሦስት ደረጃ ወጥቶ አሳያት። አራተኛውን ቢሞክር ኖሮ የምንለቅመው እኛ ነበርን።

«እርስዎስ አባባ?» ጡሩምባን ነው።

«ስፈልግ እነሳለሁ። አሁን አልፈለግሁም።»

ሳቀች። ጻፈች።

«እርስዎስ እማማ?»

«ያለ ምንም ችግር» አልኳት።

መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ ኮሪደሩን አየች። ስትሄድ፣ «እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው!» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔም አጨበጨብኩ።

ጥቅምት 24

መልስ የለም። መስኮት እከፍታለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ። አንድ መጽሐፍ ይዤ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ምን ሆኛለሁ?

ኅዳር 2

በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ፣ ከሁለት መሥሪያ ቤት።

የመጀመሪያው ከሕንፃ ቢሮው፦ ቤቱ «በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ፣ ነዋሪዎቹም ያለ ድጋፍ የሚንቀሳቀሱ» ስለሆነ በዘንድሮው እድሳት አልተካተተም።

ሁለተኛው ከክብካቤ ቢሮው፦ ነዋሪን በሸክም ደረጃ ማውጣትና ማውረድ ከእንግዲህ ክልክል ነው። በሥራ አስኪያጁ መዝገብ ላይ ደረጃ መውጣት አይችሉም የተባሉት አራት ሰዎች፣ ቤቱ አሳንሰር ስለሌለው፣ ጥር ሳይገባ ወደ ሌላ መኖሪያ ይዛወሩ። መኖሪያው በመኪና የአሥር ሰዓት መንገድ ነው።

አንዱ ቢሮ ሁላችሁም ትሮጣላችሁ ይላል። ሌላው አራታችሁ አትራመዱም ይላል። ማኅተሙ በሁለቱም ላይ ደማቅ ነው።

ከአራቱ አንዱ ጡሩምባ ነው።

ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ሄጄ ነገርኩት። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከአልጋው ሳስነሳ ኖርኩ... ተራዬ ደረሰ በይ» አለ።

«ቀልዱን ተው።»

«ምን ልያዝ ታዲያ? አሥር ሰዓት መንገድ የአንቺ ወገብ አይችለውም። ማን መጥቶ ይሰድበኛል?»

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። የተስተካከለ ነበር።

ኅዳር 3

ማን ደበቀው? ሻጋታውን፣ ወንበሩን፣ ሰውየውን?

ሕመሙን የሚደብቅ በሽተኛ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። «ካልነገርከኝ በምን ልርዳህ?» እያልኩ። ሃያ ሰባት ዓመት...

ኅዳር 5

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ሕንፃ ቢሮው ለሠላሳ ቀን ቅሬታ ይቀበላል። ነገር ግን «ያያችሁት ትክክለኛው ሁኔታ አልነበረም» ብሎ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ የሚፈርም ነዋሪ ያስፈልጋል።

«ማን ይፈርማል ሲስተር? እነዚህ ሰዎች ዋሸን ብለው?»

«እኔ።»

«እርስዎ ምን ዋሹ?»

በሩን ዘጋሁት። ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኩት። ከሰኔ ወዲህ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወድቄአለሁ። ደረጃውን በእግሬ መውጣት ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ እስኪያሸልብ እጠብቃለሁ። ከዚያ ለደረጃው ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ በእጆቼ እየተደገፍኩ፣ አንድ በአንድ፣ በመቀመጫዬ። ራት አልበላም፤ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ በዚያው መንገድ እወርዳለሁ። «ሲስተር ማለዳ ተነሺ ናት» ይሉኛል።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህን ከጻፉ እኔም መዝገብ ላይ ማስፈር አለብኝ። አራቱ አምስት ይሆናሉ። ዳግመኛ ከተከለከልን እርስዎም ይሄዳሉ። ደግሞ ሴቶችን የሚቀበለው ሌላ ቤት ነው፤ በሌላ አቅጣጫ።»

«ገባኝ።»

«ካልጻፉ እኮ እዚሁ ነዎት ሲስተር።»

«ገባኝ አልኩህ!»

ምን አስጮኸኝ? ልጁ እውነቱን ነው የነገረኝ። ዛሬ አልጻፍኩም።

ኅዳር 8

ክፍሌን ተቀምጬ አየኋት። አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ። ጠረጴዛዬ፣ የባሌ ፎቶግራፍ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። ሳያንኳኳ የሚገባ የለም። ይህን ሁሉ በአንድ ፊርማ...? ደግሞስ ባይፈቅዱ? እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ።

በማዶው ክፍል ጡሩምባ ያስላል። ስሄድለት፣ «አልጠራሁሽም» አለኝ።

ተመልሼ ጻፍኩ። መጀመሪያ «አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። ምን ዓይነት አለመግባባት? ቀደድኩት። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «የቤቱንና የነዋሪዎቹን ሁኔታ ደብቄ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የራሴንም ደብቄአለሁ።» ቀጥሎ ሦስቱን አወዳደቅ በየቀናቸው። ፈረምኩ፤ ሐሳቤን ሳልለውጥ ወስጄ ሰጠሁት።

ኅዳር 12

መሐንዲሷ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ ትመጣለች። ግን እኔ ብቻዬን ምን አሳያታለሁ? ሌሎቹ እንደገና ሰልፍ ከያዙ አለቀልን። በምሳ ሰዓት ተነስቼ ተናገርኩ። ማንም እንዳይደብቅ አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ብድግ አለ። «ለአንዲት ልጅ ብለን አንንገዳገድም! ወታደሮች ነን!»

«ነበርክ» አለው ጡሩምባ።

«ሲስተርስ? እሷ ቀጥ ብላ እየሄደች እኛን ሽባ ልታሰኘን?»

እንግዲህ ነገርኳቸው። መውደቁንም፣ ደረጃውንም። በመቀመጫዬ የሚለውን ሙሉ አዳራሽ ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

የቀድሞው የታንክ መካኒክ ከጥግ፣ «እኔ ከታጠብኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል። ገንዳውን መሻገር ፈራሁ» አለ። ሃምሳ አለቃ ቁጭ አለ። ቆይቶ፣ ለሰሃኑ የሚናገር ይመስል፣ «ሽንት ቤት ሳልደርስ ያመልጠኛል። ጠርሙስ አለኝ» አለ።

«እናውቃለን!» አለ ጡሩምባ። «ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሁሌ ጠዋት እሰማሃለሁ!»

ያኔ ተሳቀ። ሃምሳ አለቃም ሳይወድ።

ኅዳር 19

ትእዛዜ፦ ምንም እንዳይነካ። ቁም ሳጥኑ ከጥጉ ተነሳ፣ ባልዲው ተመለሰ፣ ወንበሮቹ ወጡ። እንዴት ተጨነቅሁ! የተጨማደደ አንሶላ አይቶ ማለፍ... ሁለቴ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ሃምሳ አለቃ ግን ተላጭቶ፣ ኒሻኑን አድርጎ ወረደ። «ጠርሙስ ላሳያት ከሆነ ቢያንስ ሰው መስዬ» አለኝ። ተውኩት።

መሐንዲሷ ደብዳቤዬን ይዛለች። «የጻፉት እርስዎ ነዎት እማማ?»

«ነኝ።»

«ያሳዩኛል?»

ሁሉም ከቦ ቆሟል። ለደረጃው ጀርባዬን ሰጠሁና ተቀመጥኩ። ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ሰበሰብኩ። አንድ። ሁለት። ስድስተኛው ላይ አረፍኩ፤ ሁልጊዜም የማርፈው እዚያ ነው። ሰዓቷን ስታይ አየኋት። ሰለቸቻት ብዬ ተናደድኩ። ለካ እየለካች ኖሯል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ባለፈው ለምን አልነገሩኝም?»

«ልትፈትሺን ነው የመጣሽው። ማን መውደቅ ይፈልጋል?»

«እኔ እኮ ቤቱን ልፈትሽ ነው የመጣሁት። እናንተን አይደለም።»

ይህን ማንም አልነገረንም። ወይስ ተነግሮን አልሰማን ይሆን?

የቀረውን አሥር ደረጃ ጨረስኩ። «ዘጠኝ ደቂቃ» ብላ ጻፈች። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። አመሰገንኳት በልቤ።

ታኅሣሥ 1

እስካሁን ምንም። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ሲያነሳ አዳራሹ ማኘክ ያቆማል። ጡሩምባ ዕቃውን በሁለት ካርቶን አሳስሯል። እንዲፈታውም እንዳይፈታውም መናገር አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 12

ተፈቀደ!

አሳንሰር፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ በሮቹ፣ ጣሪያው። ዝውውሩም ተሰርዟል። ሥራው አሥራ አራት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ደረጃ የማንችለው እዚሁ ከተማ ውስጥ በተከራዩልን ባለ አንድ ወለል ቤት እንቀመጣለን። አራት መስለናቸው ነበር፤ ሁሉም እውነቱን ሲናገር አሥራ አንድ ሆንን።

«አሥራ አራት ወር» አለ ጡሩምባ። «ስንታችን ለምርቃቱ እንደርሳለን?»

«አንተ ትደርሳለህ። ክፉ ሰው ቶሎ አይሞትም።»

«አንቺማ መቶ ትሞያለሽ በይኛ!»

ሳቅን። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ምናልባት ያንን አሳንሰር አልሳፈርበትም። ምናልባት እሱም። ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ነን።

ታኅሣሥ 23

ነገ እንሄዳለን። ከሌላ መኖሪያ ከሚመጡ ሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ደርሶኛል። አንዷ ታንኮራፋለች አሉኝ። ሁለተኛዋ ስለ እኔ ምን እንደተነገራት ማን ያውቃል?

ከጠዋት ጀምሮ ስቀመጥ ስነሳ ዋልኩ። አዲሷ አስታማሚ ሁለቴ በሩ ላይ መጥታ፣ «ምን ልርዳዎት ሲስተር?» አለችኝ። ሁለቴም «ምንም» አልኳት። ከአፌ የሚወጣው እሱ ነው፤ ሌላ ቃል ገና አልለመደም። ነገ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን።

መጀመሪያ፣ ከአልጋ ሳልነሳ ደወሉን መደወል። አሥራ ሁለት ዓመት አጠገቤ ሆኖ ነክቼው አላውቅም።

አስታማሚዋ ስትመጣ ቀኝ ዳሌዬን እንደሚያመኝ መናገር። «ትንሽ» አለማለት።

ጀርባዬን እንድታጥበኝ መጠየቅ።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሻንጣዬን እሷ ስታዘጋጅ ማየት። ቀሚሶቹን በስፌታቸው ልክ ካላጠፈቻቸው... ዝም ማለት። ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ቀሚስ።