የመድኃኒት ልክ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው ወይስ ማሕሌት ሲቆሙ አሁንም ያምዎታል? እናቴ እንዴት ናት? ዘንድሮ የሰቆጣ ክረምት ሳያጓድል ጥሎ ወጣ ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔና ታናሽ እኅቴ ሸጌ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነን።

በጨው ነጋዴው በኪዳኑ እጅ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የአባቶቼን መድኃኒት ኮምፒዩተር ለሚሉት ነገር እየሸጥሽ ነው አሉኝ፤ ይህን ካላቆምሽ ልጄ አይደለሽም፣ እረግምሻለሁ» ብለዋል። አባቴ፣ አላቆምም። ሌላውን ከማስረዳቴ በፊት መልሴን ያግኙት ብዬ ነው።

ኪዳኑ ምን ብሎ እንደነገርዎ አላውቅምና ሥራዬን እኔው ልንገርዎ። ባንተአምላክ የሚባል ሰው አራት ኪሎ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የኮምፒዩተር ጌም ያሠራል። ጌም ማለት ቴሌቪዥን በሚመስል መስታወት ላይ የሚጫወቱት ተረት ነው፤ ተጫዋቹ ቁልፍ እየተጫነ በተረቱ ውስጥ ያለውን ሰው እንዳሻው ያስኬደዋል። በእኛ ተረት ጀግናው መድኃኒት ቀማሚ ነው። ተራራ ለተራራ እየዞረ ቅጠልና ሥር ይለቅማል፣ ይወቅጣል፣ አውሬ ያቆሰለውንም ደዌ የጣለውንም ያድናል። እኔን የቀጠሩኝ ቅጠሎቹን እንድሥል ነበር። ስማቸውን ሁሉ ከራሴ ፈጥሬ ነው ያወጣሁላቸው። ከእርስዎ የመድኃኒት ብራና አንዲት ፊደል አልወሰድኩም። ብራናውንማ መቼ አሳይተውኝ! ለወንድሜ ለወልደ ሐዋርያት ሲያስተምሩ እኔን «ውሃ ቅጂ» ብለው ያስወጡኝ ነበር።

ከባንተአምላክ ጋር የተጣላነው በቅመማው ነው። እሱ የፈለገው ቀላል ነበር። ተጫዋቹ ሦስት ቅጠል ይለቅማል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ቀይ ጠርሙስ ይወጣል፣ በሽተኛው ጠጥቶ ብድግ ይላል። ብዙ ካጠጣው ደግሞ ፈጥኖ ይድናል። እንዲህ ያለ መድኃኒት በየትም አገር የለም አልኩት። ቅጠል የሚለቀምበት ወቅት አለው፤ መልኩ ከመርዝ ጋር የሚመሳሰል አለ፤ ለጎልማሳ የሚሰጠው ለሕፃን አይሆንም። ቀማሚው መጀመሪያ በሽተኛዋን ይመልከት፣ እህል ቀምሰሻል ወይ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ ይለካ አልኩት። ሳቀብኝ። «ሰው ጌም የሚከፍተው ከሥራ ደክሞ ሊዝናና ነው፤ ሲለካ ሊውል ነው እንዴ?» አለ። «ልክ የሌለው መድኃኒት ከውሃ በምን ይለያል? ሊጎዳ የማይችለውን ማን ተጠንቅቆ ይይዘዋል?» ብዬ መለስኩለት። «አንቺ የተቀጠርሽው ለሥዕል ነው» አለኝ። ይህን አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቃሉ ይለያይ እንጂ ዜማው ያው ነው። እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ልክ የሌለበት ጌም ላይ አንድ ቅጠል አልሥልም ብዬ ወጣሁ።

አራት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን የሻምበል የሚባለው የሥራ ባልደረባችን መጣ፤ ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚጽፍለት እሱ ነው። «አንድ በሽተኛ ብቻ አንቺ እንዳልሽው እንሥራና ራሱ ይጫወተው» አለኝ። ሠራነው። ትል ያስቸገራት፣ የከሳች፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ሣልኩ።

ባንተአምላክ ተቀምጦ ተጫወተ። ቅጠሉን በትክክል ለቀመ፣ ወቀጠ፣ በጠበጠ። በሩ ላይ ያቆምናት ሴትዮ «ይህች ልጅ ከስታለች፤ ግማሹ ይበቃታል» ብትለው ሳይሰማት አልፎ ሙሉ ዋንጫ አጠጣት። ትሉ ወጣላት። አጨበጨበ። በጌሙ ውስጥ በማግስቱ ሲመለስ ግን ልጅቷ በሩን በእጇ ስትዳብስ አገኛት። «ምን ሆነች?» አለ። «ዓይኗ ጠፋ» አለው የሻምበል። ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ፈለገ። የለም አልኩት። «ጌም ላይ እኮ ሰው ሲሳሳት እንደገና ይጀምራል!» ብሎ ተቆጣ። «እዚህ እንደገና አይጀመርም። ከፈለግህ ወደ ልጅቷ ሄደህ እኔ ነኝ በላት። ካላልካት በየሄድክበት መንደር በር ይዘጋብሃል» አልኩት። በኋላ ሄዶ ነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ይህን ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ከአገሬ አልኩት። «በይ እርሳስሽን አንሺ» አለ። ጌሙ አሁን እኔ እንዳልኩት እየተሠራ ነው።

እንግዲህ አባቴ፣ የእርስዎ ምሥጢር ቅጠሉ ነው፤ እኔ የወሰድኩት ልኩን ነው። ልኩን ያወቅሁበትን ቀን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል።

በ1988 ዓ.ም. ሸጌ ኮሶ የጠጣች ዕለት ሆነ ተብሎ በአገሩ የሚወራው እንዲህ ነው። እርስዎ ለጥር ሥላሴ ተጠርተው ወደ ጽጽቃ ሄደው ነበር፤ ወልደ ሐዋርያት ሳይፈቀድለት ዋንጫውን ሞልቶ አጠጣት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይኗ ጠፋ። እሱም አንድ ቀን እንኳ አይደለም አላለም። ሰው ሲሸሸው፣ ሚስት ሲነፈግ፣ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀረ። እኔም አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ኮሶውን የወቀጥኩት እኔ ነኝ። ለከሳ ሰው ግማሽ እንደሆነ፣ ወልደ ሐዋርያትን ሲያስተምሩት ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ሰምቼ ስለነበር፣ ይበዛባታል ያልኩትም እኔ ነኝ። «ሴት ልክ አታውቅም» ተባልኩ። ማን እንዳለኝ አልጽፍም። መድኃኒት የሚሆነው ግን የሴቴዋ ኮሶ አበባ መሆኑን በዚያው ግድግዳ በኩል ሰምቼ ነበር። ደግሞ ይህን ልጨምር፤ ሸጌ ዋንጫውን ጨልጣ ስታስቀምጥ፣ ጽጽቃ የሄዱባት በቅሎዎ ከደጃችን ገና አልተፈታችም ነበር።

ይህን ለወረዳ ሰው አልጻፍኩትም፤ ለእርስዎ ነው የጻፍኩት። እርግማኑን ከፈለጉ ይላኩት። ከእሱ በፊት ግን ሁመራ አንድ ደብዳቤ ይላኩ፤ አድራሻውን በሌላ ወረቀት ጽፌ እዚህ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ኪዳኑ ባለፈው አግኝቶት ነበር፤ ሠላሳ ሳይሞላው ፀጉሩ ሸብቷል አለኝ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልገውም። ሦስት መስመር ይበቃዋል፤ ምን ብለው እንደሚጽፉት እኔ አልነግርዎትም።

ሸጌ በጣቷ የሚነበበውን ጽሕፈት ጨርሳ አሥረኛ ክፍል ገብታለች። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱን መስመር አንብቤላታለሁ። ይሰረዝ ያለችኝ ነገር የለም። እንዲጨመርላት የፈለገችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አባባ ይምጡ፤ እኔ አልፈራቸውም፣ እሳቸውም አይፍሩኝ በያቸው» ብላለች።

ለእናቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ኪዳነ ምሕረት ጉልበትዎን ታጽናልዎ፣ ዓይንዎን ትጠብቅልዎ፣ የቀረውን ለመናገር የሚበቃ ዕድሜም ትስጥዎ።

ትልቋ ልጅዎ