መጨረሻ የሌለው የኪራይ መጽሐፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 7

ተበላሁ! መጽሐፉ መጨረሻ የለውም። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ልጅቷ ሕፃኗን አዝላ ያባረረቻትን የእናቷን በር ታንኳኳለች፤ ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ነው። ስንት እጅ የዞረ የኪራይ መጽሐፍ መሆኑን እያወቅሁ ጀርባውን ሳላይ መውሰዴ የራሴ ጥፋት ነው። ከሥራ ስወጣ ሳሪስ አቦ ድረስ ሄጄ አከራዩን ጋሽ ተፈራን ጠየቅኋቸው። "እኔ አከራያለሁ እንጂ አላነብም" ብለው በመያዣ የወሰዱትን መታወቂያዬን መለሱልኝ። መጽሐፉንም መረቁልኝ።

ለእኔስ ግድ የለም። ጭንቁ የፋብሪካው የሽመና ክፍል ሴቶች ናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት እየተረክሁላቸው፣ ነገ ፍጻሜውን እነግራችኋለሁ ብያለሁ። ማሽኑ ጆሯችንን ስላደነቆረው የምተርከው እየጮህኩ ነው። የፍቅሩን ቦታ የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ይሰማል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ዋሸሁ።

"ገጹ የለም" ልል አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ጉርሻቸውን እንደያዙ፣ "ከፈተችላት ወይስ አልከፈተችላትም?" አሉ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው ብርቄ ያለ ፈቃዳቸው ሹፌር አግብታ ቂሊንጦ ሰፈር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ አኩርፈዋታል፤ የልጅ ልጃቸውንም አላዩም።

"ከፈተችላት" አልኩ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! እናትየው ሕፃኑን ተቀበለች፣ ሳመች፣ "ምነው ዘገየሽ" አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ አስካለ ግን ምሳቸውን ሳይጨርሱ ወደ ማሽናቸው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ጉድ ፈላ። እትዬ አስካለ ለብርቄ መልእክት ልከዋል፦ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ልጅሽን ይዘሽ ነዪ። ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ ወሬ መጣ። በመጽሐፉ ታሪክ ፊልም ተሠርቶ በቪሲዲ ወጥቷል፤ ሙሉ የምትባለው ጎረቤቴ አግኝታዋለች። ሴቶቹ ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሷ ቤት ሊያዩት ተቀጣጥረዋል። እትዬ አስካለም ይመጣሉ።

በፊልሙ እናትየው ሳትከፍት ብትቀርስ? እትዬ አስካለም ብርቄ ስትመጣ በሩን ይዘጉባት ይሆን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ሁለቴ ክር በጠስኩ። ያሰብኳቸው መላዎች፦

መብራት እንዲጠፋ መጸለይ። (መብራት ሲፈለግ እንጂ ጥፋ ሲሉት መች ይጠፋል?)
ታመምኩ ብሎ መተኛት።
እውነቱን መናገር። ይህን ሰርዤዋለሁ።

መጽሐፍ ሳነብ ለእናትየው የፈለግሁትን ፊት እሰጣታለሁ፤ ደስ ሲለኝ እትዬ አስካለን አደርጋታለሁ። ፊልም ግን ፊቷንም ድምፅዋንም መርጦ ያቀርብልኛል። በዓይን የታየን ነገር ደግሞ ማን ያስተባብላል?

እሑድ፣ ጥቅምት 13

መብራቱ አልጠፋም። እኔም አልታመምኩም።

አሥራ አንድ ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን እናትየውን ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለችም። ጨርሰው አውጥተዋታል! ልጅቷን ወላጅ አልባ አድርገው፣ በእናትየው ፈንታ የመኪና ማባረር አስገብተዋል። ሴቶቹ "እናቷን የት አደረሷት?" እያሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ጮኹበት። እኔ በሆዴ ጨፈርኩ።

ጭፈራዬ ግን አልቆየም። ስንወጣ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። "መጽሐፉን አምጪልኝ፤ ያችን የመጨረሻዋን ገጽ ብርቄ ታንብብልኝ" አሉ።

"እትዬ፣ ገጹ የለም። ከራሴ ነው ያወጣሁት።"

"እንዲያው ከራስሽ?"

"ከራሴ። እናትየው ትክፈት ትዝጋ አላውቅም።"

"ውሸታም!" ብለውኝ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ስምንት ሰዓት ነበር። ማልቀስ አማረኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ በሌላ በር ገባሁ። በምሳ ሰዓት ግን ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። "ዛሬ ተራኪዋ እኔ ነኝ" ብለው እየጮኹ ጀመሩ። ትናንት ብርቄ በራቸውን ስታንኳኳ የሚሉት ጠፍቷቸው፣ "ጫማሽን አውልቂ፣ ወለሉን አሁን ነው ያጠብኩት" አሏት። ብርቄ አንድ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች አለቀሰች። ሕፃኑን ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ዳቦ ቆሎው ላይ ተቀምጦ አገኙት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እትዬ አስካለ ስለ እኔ ውሸት ትንፍሽ አላሉም። ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "የእኔ እንኳ ከራሴ የወጣ አይደለም" አሉኝ።

የምጠጣው ውኃ ትን አለኝ።