አዝቴኮችም ሦስት ጉልቻ ነበራቸው

ጥበቡዬ፣ የልቤ ሰው፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ ሁለት ጊዜ በረዶ ወርዶ ቀለጠ። ዛሬ ግን ላለቅስብህ አይደለም የምጽፈው። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው! አያት ሆነሃል። ማርታችን ሴት ልጅ ወለደች።

ሚጌል ልጃችንን ለትዳር ሊጠይቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን የመጣ ዕለት ትዝ ይልሃል? ሌላ አባት ቢሆን ሥራህ ምንድን ነው ይል ነበር። አንተ የሜክሲኮ ልጅ መሆኑን ስትሰማ ከላይብረሪ የተዋስከውን የአዝቴኮች፣ የጥንቶቹን የሜክሲኮ ሰዎች፣ መጽሐፍ ይዘህ ብቅ አልክ። «ይሄ የሚያወራው ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት ብቻ ነው። ተራው ሰው እቤቱ እንዴት ነበር የሚኖረው? ልጅ ሲወለድስ ምን ያደርጉ ነበር?» አልከው። ልጁን ላብ አጠመቀው። «አያቴ ታውቅ ይሆናል፤ የነሱን ቋንቋ የምትናገረው እሷ ናት» አለህ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አያቲቱን ግን ሳታገኛት ቀረህ።

አሁን መጣችልህ! የማርታ መውለጃ ሲቃረብ ከገጠር አስመጧት። እማማ ሮሳ ነው የምላት። አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ናት። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ እኔም የሷን ቋንቋ አላውቅም። ሆስፒታል ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እኔ በአማርኛ እሷ በራሷ፣ ፈጣሪን ስንለምን ዋልን። ማርታ ምጡ ጠናባት። ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ እማማ ሮሳ እጄን ጭብጥ አድርጋ አልለቅ አለች።

ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። እኔ እልልልል! አልኩ። እማማ ሮሳስ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከኔ በላይ ጮኸች! የሷ ፉከራ ነው የሚመስለው። ነርሷ ምን መጣ ብላ በሩን በርግዳ ገባች። ሚጌል እያለቀሰም እየሳቀም አስረዳን። በአዝቴኮች ዘመን ልጅ ሲወለድ አዋላጇ እንደ ጦረኛ ትጮህ ነበር። የወለደች ሴት ምርኮ ይዛ ከጦር ሜዳ እንደ ተመለሰች ጀግና ነው የምትቆጠረው። ማርታ ይህን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ሆና ጡንቻዋን አሳየችን። ያንተ ልጅ አይደለች!

ሴት ልጅ ስትወለድ ትንሽ እንዝርትና መጥረጊያ ይሰጧት ነበር አሉ፤ ወንዱን ደግሞ ጋሻና ቀስት። ማርታ «መጥረጊያውን ሚጌል ይያዘው» አለች። የወንዱ ልጅ እትብት ጦር ሜዳ ይቀበራል፣ የሴቷ ግን ምድጃ ሥር። ምድጃው ምን ዓይነት ነበር ብዬ በሚጌል አስጠየቅኳት። እማማ ሮሳ ሦስት ጣቷን አወጣች፤ ሦስት ድንጋይ! ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ሦስት ጉልቻ በላ ጥበቡዬ! ባሕር ተሻግሮ፣ ዘመን ተሻግሮ፣ ትዳር ማለት እነሱም ጋ ሦስት ጉልቻ!

የእነ ማርታ ቤት ከኛ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ምድጃቸው ኤሌክትሪክ። ምኑ ሥር ይቀበራል? እትብቷ ሲወድቅ እኔና እማማ ሮሳ ወንዝ ዳር ወርደን ድንጋይ መረጥን። እኔ የመረጥኩትን እሷ ትጥላለች፣ የሷን እኔ እጥላለሁ። በመጨረሻ ተስማማን። ከጓሮ በኩል ቆፍረን እትብቷን ቀበርን፣ ጉልቻውን ጎለትን፣ እሳት አነደድን። እማማ ሮሳ የበቆሎ ቂጣ ጋገረች፣ እኔ ለአራሷ ገንፎ አገነፋሁ። ማርታ ሁለቱንም አንድ ላይ በላች። ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያየን፣ ቂጣ አቀበልነው።

ከበላን በኋላ እማማ ሮሳ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሚጌልን አስተርጓሚ አድርጋ የሕፃኗን ወንድ አያት፣ ያንተን ስም ጠየቀችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ካረፍክ ወዲህ ስምህን ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር።  «ጥበቡ» አልኳት። «ቲቤቡ» አለች፣ ሕፃኗ ላይ ጎንበስ ብላ። ማርታ ልታርማት ሞከረች፣ ሚጌልም ሞክሮ አበላሸው። አንዱ ሲጠራህ ሌላው ሲያርም ጓሮው በስምህ ሞላ።

አልረሳህም ጥበቡዬ። ከእንግዲህ ግን በዝምታ አይደለም የማስታውስህ። ልጅቷ አፏን ስትፈታ ስምህን ከነ«ጥ»ው አጥርታ እንድትጠራው አደርጋለሁ።

ያንተው ብርቄ