ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፉት ጠርሙሶች

ሙልታን፣ ማክሰኞ ጃንዋሪ 21። የጠዋት ቆጠራ፦ ዘጠኝ ሕፃናት፣ ሁለቱ ትኩሳት የያዛቸው፤ አርባ ጠርሙስ ሳኒታይዘር፣ ሠላሳ ስምንቱ ያልተከፈተ።

ለተከበርከው ወንድሜ ጋሼ ኢምቲያዝ፣ አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የሙስካት ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅህም እስከ ዛሬ ጠዋት ትኩሳት የለበትም። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ሳትደነግጥ እንድታነበው ነው።

ያለ ጊዜው ስለተወለደ አሁንም ሆስፒታል ነው፤ አራተኛው አልጋ ላይ። ሦስተኛው ላይ የተኛችው ሕፃን ከትናንት ጀምሮ በትኩሳት ትቃጠላለች። ዛሬ ሲስተር ራኽሻንዳ የእሷን እትብት ጠርጋ እንዳበቃች፣ እጇን ሳትታጠብ ቀጥታ ወደ ልጅህ ዞረች። "ሲስተር፣ እጅሽን!" አልኳት። "አንተ ሳሙናህን ሽጥ!" ብላ ሳቀችብኝ፤ ግን እጇን ሰበሰበች።

ለዚህ ክፍል ሳኒታይዘር የማቀርበው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። አራት ወር ሙሉ ሳያዙኝ ሲቀሩ ሌላ ነጋዴ ቀደመኝ ብዬ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ቁም ሳጥኑን አስከፍቼ ብቆጥር፣ ለካ ዕቃዬ ተቆልፎበታል! "ውጭ ከዋለ ይሰረቃል፤ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ እናወጣዋለን" አለችኝ ሲስተር። የውሃ ቧንቧው ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ ነርስ ብትል ለዘጠኝ ሕፃን ያለችው እሷ ብቻ ናት። እኔስ ብሆን? ልጁ የተወለደ ቀን በሽሮፕ የራሰ ጣፋጭ ሰጥቻት፣ ሽሮፑ ከጣቷ ሳይደርቅ ስታቅፈው ደስ ብሎኝ ቆሜ አይቻለሁ።

መላ ግን አለው። ገበያችን መግቢያ ላይ ያለው የመጠጥ ውሃ በርሜል፣ ኩባያው በሰንሰለት ስለታሰረ ስንት ዓመት ማንም አልወሰደውም። ጠርሙሶቹንም በየአልጋው እግር እንሰር አልኳት። "ክፍሌን እስር ቤት ልታደርገው ነው?" አለችና ጥቂት አሰበች። "በል ሰንሰለቱን አምጣ፤ ጠርሙሱን እኔ አወጣለሁ።"

ባለቤትህ ሩባብ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፣ ስትደውል እንዳታነሣባት። እናታችን ከመስገጃዋ አልተነሣችም፣ ትመርቅሃለች። ትንሿ ልጄ ማሂን ደግሞ "የልጁን ስም ቶሎ ይላክ፤ አራተኛው አልጋ እያልን እስከ መቼ ልንጠራው ነው?" ትላለች።

ወንድምህ ዋሲፍ

ነገ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ብረታ ብረት ተራ፣ ዘጠኝ ሰንሰለት። መጀመሪያ የሚታሰረው ሦስተኛው አልጋ ላይ ነው፤ ወደ ልጅህ የሚሻገረው እጅ የሚነሣው ከዚያ ነው።